አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ

ገረሱ ለአደን ሲጋብዘው ሚልኬሳ እምቢ ማለት አልቻለም። የጉማ ወንድም ጠርቶ እምቢ አይባልም።

ነገሩ የቆየ ነው። የዛሬ አርባ ዓመት፣ ሚልኬሳ ሳይወለድ፣ አባቱ አቶ ሊሊሳና የገረሱ አባት አቶ ኢቲቻ ትንሹን ገረሱን አስከትለው አጋዘን ለማደን ቆላ ወረዱ። አቶ ኢቲቻ ጀርባቸውን በጥይት ተመተው ቀሩ። አቶ ሊሊሳ ሬሳውን በበቅሎ ጭነው፣ ገረሱን አዝለው ተመለሱ። ሽማግሌ ፊት ቀርበውም በስህተት ገደልኩት ብለው እጃቸውን ሰጡ። ሽማግሌዎቹ ጉማ፣ የደም ካሳ ፈረዱ፣ ከብት ተነዳ፣ ደም ደረቀ፣ ሁለቱ ቤቶች ላይበቃቀሉና እንደ ወንድም ሊተያዩ ተማምለው ዘመድ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ክፉ ቃል አልተሰማም። እንዲያውም የሟች ሚስት እማማ ዳርቱ፣ አቶ ሊሊሳን ባዩ ቁጥር ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ይስሙ ነበር። ሰፈርተኛው የመላእክት ልብ ነው ያላቸው ይላል። ለሚልኬሳ ግን ነገሩ ከልጅነቱ ጀምሮ አልዋጥለት ብሎታል። ባሏን የገደለ ሰው ጉልበት የምትስም ሴት የት አገር ነው ያለችው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አቶ ሊሊሳ አምና ሞቱ። ገረሱ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን መጥቶ ከልጆቻቸው በላይ አለቀሰ። በሰልስቱ ሚልኬሳን ወደ ጓሮ ወሰደና ክንዱን ጨምቆ፣ እኔና አንተ አንድ ቀን አደን መውረድ አለብን አለው።

ሚልኬሳና ሚስቱ ናዝራዊት ሲ.ኤም.ሲ ቤታቸው ሲደርሱ ፊቷ ልክ አልነበረም። ገረሱ ላይበቀል የማለው ለአባትህ ነው አለች። እሳቸው ደግሞ ዛሬ የሉም። ሚልኬሳ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ። ቢቀር፣ አባቱ የማሉትን መሐላ አፈረሰ ይባላል። ቢሄድ፣ ላይመለስ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገረሱ ቤት እየተገናኙ ዕቅድ ያወጡ ጀመር። ገረሱ ፈቃድ ላላቸው አዳኞች የአውሬ ዱካ እየተከተለ ሃያ ዓመት ሠርቷል፤ ሕጉን እንደ ውዳሴ ማርያም ያነበንበዋል። ፈቃድ ይወጣል፤ የመንግሥት ጠባቂ አብሮ ይሄዳል። አጋዘን አንድ ብቻ፣ እሱም መንጋው የተወው ያረጀ ወንድ። እናትና ግልገል አይነኩም። ቆቅና ጅግራም እንቁላል የታቀፉበት ወር ካለፈ በኋላ፣ በቁጥር ብቻ።

«ያቆሰልከውን ጥለህ አትሄድም» አለ ገረሱ። «ሌሊትም ይሁን ገደል፣ ተከትለህ ትጨርሰዋለህ። ዕዳ ነው።»

ይህን ሲል ሚልኬሳን ትኩር ብሎ ነበር የሚያየው።

ከዚያ ካርታ ዘርግቶ አንድ ምንጭ ላይ በቀይ እስክርቢቶ ክብ አደረገ። የሚያድሩት እዚያ ነው። ሚልኬሳ ምንጩን በስም ያውቀዋል፤ አቶ ኢቲቻ የወደቁበት ነው። ቢያንስ ዓይን ይኑር ብሎ፣ የስምንት ዓመት ልጁን ቤኪን ይዞ ቢመጣስ ብሎ ጠየቀ። ገረሱ ልጅ አይመጣም አለ፤ ድምፁ ከወትሮው ሌላ ሆነ። ለሚልኬሳ የገባው አንድ ነገር ነው። ጠባቂው ወዳጁ ነው፤ ሌላ ምስክር እንዳይኖር ይፈልጋል።

አካሄዱም ተወሰነ፤ አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ አለው። ሚልኬሳ አንገቱን ነቀነቀ። የእርስዎ ጠመንጃ የትኛው ነው ማለት ፈልጎ፣ «እርስዎስ ምን ይይዛሉ?» ብቻ አለ። ገረሱ ስለ እኔ አታስብ ብሎ ካርታውን አጠፈ።

እሁድ ጠዋት እግር ለማላመድ እንጦጦ ወጡ። ሚልኬሳ ሲወጣ ቤኪን ሁለት ጊዜ ተመልሶ ሳመው። ናዝራዊት ስልክህን ክፍት አድርግ አለችው።

አካሄዳቸው እንደ ዕቅዱ ነበር። ገረሱ ወገቡ ላይ ቢላዋ ታጥቋል፣ ለቆዳ መግፈፊያ የሚሆን ሹል ነገር። ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች እየወረዱ አልፈዋቸው ሄዱ። ሚልኬሳ አብሯቸው ልውረድ አለ በሆዱ፤ እግሩ ግን እሺ አላለውም። ከዚያ በኋላ ሰው አልነበረም፤ ባሕር ዛፉና የገረሱ እስትንፋስ ብቻ።

«አባትህ ስለዚያ ቀን ምን ነገረህ?» አለ ገረሱ ከኋላው።

«ምንም።»

«እስኪሞት ድረስ?»

«ምንም አልነገረኝም።»

ከኋላው ያለው እርምጃ ቆመ። ሚልኬሳ ቢላዋው ከአፎቱ ሲወጣ ሰማ። ዞሮ መሬት ላይ ተንበረከከ። ያን ያህል ቀን አምቆ የያዘው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ።

«ጋሼ ገረሱ፣ የአባትዎን ደም ከእኔ ከፈለጉ እዚሁ ይጨርሱት። ቤኪን ግን አይንኩብኝ። እሱ ልጅ ነው፣ ምንም አያውቅም።»

ገረሱ ሚልኬሳን አየው፤ ከዚያ መንገዱን የዘጋውን ቅርንጫፍ ሊቆርጥበት የመዘዘውን ቢላዋ አየ። ሣሩ ላይ ጣለው። ፊት ለፊቱ ቁጭ አለ፤ ዕንባው ጢሙ ላይ ወረደ።

«እኔም ልጅ ነበርኩ» አለ። «ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ ላይ የተኮስኩት እኔ ነኝ።»