ሳይሰበር የተነሳው ካቢኔት

እናት ነገሩን የሰማችው ሳታስበው ነው። ልጇ በረንዳ ላይ ሆኖ ከእህቱ ጋር በስልክ ሲያወራ፣ «እኔ ከእንግዲህ እማዬን መርዳት አልችልም፤ አንቺ ጋ ትሁን» አለ። ሌሊቱን ሙሉ ይኸው ቃል ሲከነክናት አደረ።

በማግስቱ ልጇ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃውን ከዋናው ዘጋ። የእጅ መታጠቢያውን ካቢኔት ሊያነሳ ነው። ካቢኔቱን የሠራው ሟች ባሏ ነበር። «ቤቱ ቢፈርስ እንኳ ይኼ ይቆማል» እያለ ሲኩራራ ጎረቤት ሁሉ ይስቅበት ነበር። ልጁም አናጢነትን የተማረው ከእሱ ነው።

ለምን እንደሚያነሳው ጠየቀችው። ቦታ ያጣብባል አላት። ስለ ስልኩ ግን አልጠየቀችውም። አፍ አውጥታ ከጠየቀች እውነት የሚሆንባት መሰላት።

ባልዲ ከሥር አስቀምጦ ቱቦዎቹን ፈታ። ካቢኔቱ ላይ ያለውን የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ከግድግዳው ያጣበቀውን ሲሊኮን በስለታም ቢላ ቀስ እያለ ቆረጠ። ሴራሚኩ እንዳይጫር ካርቶን አስደገፈ። በመዶሻ ቢለው የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር፤ እሱ ግን ወለሉ ላይ ተቀምጦ እስከ ቀትር ፈጀ። ካቻቪቴው ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ።

«ሕሊናው ነው የሚያንቀጠቅጠው» አለች በሆዷ።

ገንዳው ሲላቀቅ በአንድ በኩል እንድትይዝለት ለመናት። ያዘችለት። ቤቴን በገዛ እጄ ያስፈርሰኛል ብላ እንባዋን ዋጠች። ገንዳውን ብርድ ልብስ ላይ አስተኙት። ልጇ ካቢኔቱን ፈታትቶ ሳንቃዎቹ ላይ በእርሳስ ቁጥር ጻፈ፤ ብሎኖቹን በላስቲክ ቋጥሮ እጀታው ላይ አሰረ። ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱን በር ስፋት በሜትር ለካ።

ከዚህ በላይ መቻል አቃታት።

«ለማን ልትሸጠው ነው?»

«አይሸጥም፣ እማዬ። አንድ ቀን መልሰው ይተክሉልሻል።»

«እኔ የት ሆኜ?»

ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። «እዚሁ። እህቴ ጋ የምትቆዪው ለጊዜው ነው።»

እንግዲህ ለይቶለታል። ሲሸኙ ሁሉም ለጊዜው ነው ይላሉ። ዘጠኝ ወር የተሸከመችው፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንደ ዓይኗ ብሌን የምታየው አንድ ወንድ ልጇ እንደ አሮጌ ዕቃ ሊያወጣት ነው።

«አባትህ እንኳን ይኼን ሳያይ ሞተ» አለችው።

ልጇ አንገቱን ደፍቶ ካቢኔቱ የነበረበትን ባዶ ቦታ በጨርቅ መወልወል ያዘ።

ወዲያው በር ተንኳኳ። ስትከፍት አንድ ዕቃ አመላላሽ በላስቲክ የተጠቀለለ ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ ቆሟል። ደሟ ፈላ። ማባረሩ ሳያንሰው በቁሟ ሽባ ሊያደርጋት ነው።

«መልሰህ ውሰደው» አለችው። «እኔ እግሬ ደህና ነው። ከዚህ ቤትም የምወጣው በእግሬ ነው።»

ሰውየው ግራ ገብቶት ወረቀቱን ገለጠ።

«እማማ፣ እዚህ የተጻፈው ታማሚ እኮ አናጢ ነው፤ ዕድሜው አርባ ሁለት።»