ነጩና ቢጫው ጀሪካን

ሰቃ ውስጥ ቡና ከሥሩ መድረቅ ከጀመረ ባለቤቱም አብሮት ይደርቃል። ጀማለዲን ከአባቱ የወረሰው ማሳ ግማሹ ለማገዶ ሆኗል። የቀረውም ከደረቀ ልጆቹን ይዞ ጅማ ገብቶ የሰው ሸክም ከመሸከም ሌላ መላ አልነበረውም።

ስለዚህ የግብርና ባለሙያዋ ዮርዲ ከጅማ መድኃኒት ይዛ ስትመጣ ደስ ሊለው ይገባ ነበር። እሱ ግን ገና ከመኪና ሳትወርድ ጠረጠራት።

ዮርዲ ሁለት ጀሪካን አወረደች። ነጩን ለእሱ፣ ቢጫውን ለድንበርተኛው ለዋቅጋሪ ሰጠች።

"ኬሚካል አይደለም፤ ሕይወት ያለው ነው" አለች። "የእርስዎ በሽታውን የሚያጠቃ ደግ ሻጋታ ነው ኦቦ ጀማለዲን። የኦቦ ዋቅጋሪ ደግሞ ደግ ባክቴሪያ። ለየብቻ እንሞክራቸው። ብቻ እንዳትቀላቅሉ።"

ሁለቱም ፀሐይ እንዳይነካው በየማሳቸው ጎጆ ውስጥ አስቀመጡት።

ቢጫው ለምን ለዋቅጋሪ? ጀማለዲን ይህን ሲያብሰለስል ሰነበተ። ከዋቅጋሪ ጋር በድንበር ተጣልተው ሰላምታ ካቋረጡ ቆይተዋል። ዮርዲ ደግሞ ዋቅጋሪ ቤት ምሳ በልታለች። እሱ ቤት ስትለመን ግን ሥጋው አንድ ስላልሆነ ዳቦ ብቻ ቀምሳ ተነሳች።

"የበላችበትን ቤት ነው የምትጠቅመው" አላት ሚስቱን ዘይቡን። "ወላሂ፣ የእኔው ውሃ ነው።"

"አላህን ፍራ" አለችው ዘይቡ።

እሁድ ዋቅጋሪ ቤተሰቡን አስከትሎ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ጀማለዲን አጥሩን ዘሎ ከቢጫው በኩባያ ቀዳ። ከራሱ ጋር በባልዲ ውሃ ቀላቅሎ ቡናውን ሥር ሥሩን አጠጣ። ከዚያ ወዲህ አንድም እሁድ አላለፈውም። ለእሁድ የነበረው ትጋት ቄሱን ያስቀና ነበር።

የራሱ ነጭ ጀሪካን ግን ቶሎ ቶሎ ይጎድል ጀመር።

"አየሽ?" አላት ዘይቡን። "ክዳኑ እንኳ አይገጥምም፣ እየተነነ ነው። የማይረባውን መርጣ ሰጠችኝ።"

ሌባ እናት ልጇን አታምንም። መንገድ ላይ ዋቅጋሪን ባየ ቁጥር ልቡ ይመታ ነበር። ዋቅጋሪም ሲያየው ዓይኑን ይሰብራል። አውቆብኛል፣ ለሽማግሌ ሊያቀርበኝ ነው እያለ ጀማለዲን እንቅልፍ አጣ።

ዓመት ሲሞላ ዮርዲ ተመለሰች። ሁለቱም ማሳ ለምልሟል። ድንበሩ ላይ ሁለቱን አቁማ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም።

"ለየብቻቸውም ይሠራሉ ማለት ነው! ለማባዛት የሚቀለው ነጩ ስለሆነ፣ ለሰቃ ገበሬ ሁሉ ነጩን ብቻ እናድላለን።"

ከወንዙ ማዶ ያለችው የጀማለዲን እህት ሳቢሃ ቡናዋ መድረቅ ጀምሯል፤ መድኃኒቱንም በጉጉት እየጠበቀች ነው። ነጩ ውሃ ከሆነ የእሷም የአገሩም ቡና ሊያልቅ ነው። አፈረ፣ ግን ዝም ማለት አልቻለም።

"ቆይ ልጄ" አለ። "እኔ ነጩን ብቻ አላጠጣሁም። እሁድ እሁድ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ቢጫውን እየሰረቅሁ ቀላቅያለሁ። ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።"

ዮርዲ ደነገጠች። "እንግዲያው ያዳነው ቢጫው ነዋ" አለች ወደ ዋቅጋሪ ዞራ። "እርስዎ ቢጫውን ብቻ ነው ያጠጡት።"



"እኔም አርብ አርብ" አለ ዋቅጋሪ፣ "እሱ ጁምዓ ሲሄድ።"