የግንዱ ልጅ

"የስሙ ሰዎች፣ ኑ!" ይላል ቀብሩን የሚያስተባብረው ዳን በሩ ላይ ቆሞ። "የማክአሊስተር ወንዶች፣ አራት!"

ከተራራው ማዶ የመጡት ወንድማማቾች፣ አሌክና ኮልም፣ ኮታቸውን ቆልፈው ወደ ሬሳ ሳጥኑ ይጠጋሉ። ሦስተኛው ሽማግሌው አርቺ ነው፤ ዛሬ ጠዋት በጀልባ ከስኮትላንድ የተሻገረው። አራተኛው ባሌ ራንዳል መሆን ነበረበት። የሟቹ የሂዩ አንድያ ልጅ ነው። እሱ ግን ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቀርቷል።

ልማዳችን ነው፤ ሬሳ ከቤት ሲወጣ መጀመሪያ የሚሸከሙት የሟቹን የቤተሰብ ስም የሚጠሩ አራት ወንዶች ናቸው። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ይቀበላቸዋል፤ የተኳረፈም ቢሆን ይቀበላል። ራስጌው የክብር ቦታ ነው። አራቱ ሳይሞሉ ግን ሬሳው ደጅ አይረግጥም።

ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣብን ምራቅ ነው። አዎ፣ ምራቅ! አማቼ ሂዩና አርቺ ዕድሜ ልካቸውን ሲነታረኩ ኖሩ። አርቺ፣ "ስሙ የኛ ነው፤ እናንተ በጥንት ዘመን መጥረቢያ ተሸክማችሁ ለአየርላንድ ጌቶች ልትዋጉ በጀልባ የተሻገራችሁ ትርፍ ልጆቻችን ናችሁ" ይላል። ሂዩ ደግሞ፣ "የአያትህ አያት ራሱ ከዚህ የሄደ ነው! እኛ ግንድ፣ እናንተ ቅርንጫፍ!" ይላል። ሰማዩ በጠራ ቀን የአርቺ አገር ከኩሽናችን መስኮት ይታያል። ሂዩ ሻዩን ይዞ ወደዚያ ይዞርና፣ "ደህና አደርክ፣ ቅርንጫፍ!" ይለው ነበር። እንዴት እንደምወደው!

አርቺ ጡረታ ሲወጣ ስሙን የሚጠራውን ወንድ ሁሉ ምራቅ በየብልቃጡ እየሰበሰበ ወደ ቤተ ሙከራ ይልክ ጀመር። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርደውን ምልክት አይቶ አጥንት ሊቆጥር። ቀልድ የሚባል አያውቅም፤ ትውልድ ሲቆጥር አንድ አያት ጨመረ ብሎ ከገዛ ወንድሙ ጋር የተኳረፈ ሰው ነው። ሂዩም፣ "ቆይ፣ አሳይሃለሁ!" ብሎ ተፋለት።

ውጤቱ የመጣው ሂዩ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ ነው፣ በራንዳል ስልክ። የአሌክና የኮልም ከአርቺ ጋር ገጠመ። የሂዩ ከማናቸውም አልገጠመም። ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ወይ በማደጎ የገባ ነው፣ ወይ ደግሞ... እንጃ፣ ያለፈውን ማን ያውቃል። ራንዳል ለአባቱ አልነገረውም፤ ሂዩ ግንድ እንደሆነ ሞተ። ነገሩን የምናውቀው ራንዳል፣ እኔና አርቺ ብቻ ነን።

"ራንዳል፣ ምን ይገትርሃል?" ትላለች የሂዩ እህት፣ አክስት ሮዝ። "ሰው ውጭ ዝናብ እየመታው ነው እኮ!"

ተጠግቼ ክንዱን እይዘዋለሁ። "ሂድ እንጂ፣ በናትህ!" እለዋለሁ በሹክሹክታ።

"አልችልም፣ ኡና። አርቺ እያየኝ፣ በምን ዓይኔ? የስሙ ሰው አይደለሁም።"

"አባትህ እኮ ነው!"

"አባቴማ ነው። ሌላ ሰው ፈልጉ በላቸው።"

አርቺ ሰምቶናል መሰለኝ፣ ዞር ይላል። አለቀልን፣ አሁን ይናገራል! እዚሁ፣ ሬሳው ፊት፣ መንደሩ ሁሉ በመስኮት ጆሮውን ቀስሮ። ወንድሙን ያልማረ እኛን ሊምር ነው?

"ቆይ፣" ይላል አርቺ። "እኔ ከራስጌ አልገባም።"

"ደግሞ አንተ ምን ሆንክ፣ ሰውዬ?" ይላል ዳን።

"የምርመራው ውጤት ከመጣ ሰንብቷል። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።" ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። "ሂዩ ረቶኛል። ግንዱ ይሄ ቤት ነው፤ እኛ ቅርንጫፍ ነን። ራስጌው የልጁ ነው። እኔ ከግርጌ እገባለሁ።"

አክስት ሮዝ ጭኗን በጥፊ ትመታለች። "አላላችሁም? ሂዩ አላላችሁም?" ትስቃለች፣ ታለቅሳለችም። ወሬው በመስኮት ወጥቶ፣ "ስኮትላንዳዊው አመነ! ሂዩ ረታ!" ሲባል ይሰማኛል። ዝናቡ ውስጥ የሚያጨበጭብም አለ፣ በቀብር ቀን!

አርቺን አየዋለሁ። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ዋሽቶ አያውቅም፤ ሲዋሽ እንኳ አያምርበትም። ነገ ይህ ወሬ ባሕሩን ይሻገራል፣ አገሬውም ያ ሁሉ ድካም ለዚህ ነበር ወይ ብሎ መሳቂያ ያደርገዋል። ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። እኔ ደግሞ ሰውየውን ስንት ዓመት ደረቅ፣ ልብ የሌለው እያልኩ ሳማው የኖርኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው በሉ!

ራንዳል አፉን ይከፍታል። አውቀዋለሁ፤ እውነቱን ሊያወጣው ነው። አርቺ ይቀድመዋል።

"ና እንጂ፣ አንተ ግንድ! አባትህን እዚሁ ልታስመሽብን ነው?"

ባሌ "አባትህን" ሲባል ከግድግዳው ይላቀቃል። ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ክንዱን በኮልም ጫንቃ ላይ ያደርግና ትከሻውን ከራስጌው ሥር ያስገባል። ሳጥኑ ይነሳል። አክስት ሮዝ ሳጥኑ ያረፈባቸውን ወንበሮች እንደ ልማዱ ገፍታ ትጥላቸዋለች።

ደጁ ላይ ሲደርሱ ሳጥኑ ወደ ራስጌው ያዘነብላል፤ አርቺ ከሁሉም ረጅም ነው፣ በልማዱ ረጅም ሰው ከራስጌ እንጂ ከግርጌ አይገባም ነበር። ጉልበቱን ያጥፋል። ሳጥኑ ከራንዳል ትከሻ እኩል እስኪሆን ድረስ ዝቅ ይልና፣ በዚያ ዕድሜው፣ እንደታጠፈ እርጥቡን ጠጠር እየረገጠ ቁልቁል ይሄዳል።