ሳይበላ የሚመለሰው ምሳ

«ቅመሺ» አላት በር ላይ ያለው ፖሊስ…

ዘርፈሽ ሳህኑን ከፍታ ከእንጀራው ቆርሳ ወጡንም አጥቅሳ ፊቱ ጎረሰች። ማረሚያ ቤት ስንቅ ያመጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ ቀምሶ ነው የሚያስገባው።

ፖሊሱ ዐብዲቃድር ግን ዛሬ ሳህኑን ቶሎ አልተቀበላትም።

«አቦ፣ አባዮ…» አላት፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለቱ ነው። «ወንድምሽ እኮ አይበላውም። ሁለት ወር ሙሉ እንዳመጣሽው ነው የሚመልሰው። በዚህ ፀሐይ ለምን ትለፊያለሽ?»

«አይብላ» አለችው። «መምጣቴን ግን ይወቅ።»

ወንድሟ ይትባረክ ይባላል። እናታቸው ስትሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበር… ያሳደገችው እሷ ናት። ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ትልቅ መጋዘን ሲቀጠር ሰፈሩን ለስላሳ የጋበዘችውም እሷ ናት።

አሁን ግን ከዚያው መጋዘን ሦስት ካርቶን ሞባይል ሰርቀሃል ተብሎ ተከሷል።

ሰፈሩ አፉን ከፈተ…

«የሌባ እህት» አሏት። ባጃጅ ስትጠብቅ ፊታቸውን አዞሩባት።

ጎረቤቷ እትዬ በለጠችማ በራፏ ድረስ መጥተው ልጁን እንድትተወው መከሯት። ስንቅ እየቋጠርሽ ሌባ ታሞላቅቂያለሽ፣ ሰውም አብረው ነው የበሉት ይልሻል አሏት።

በትህትና ሰምታ ሸኘቻቸው።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ከተማው ሙቀቱን ሸሽቶ ሱቁን ሲዘጋጋ፣ ሳህኗን በፎጣ ቋጥራ ወጣች።

ዓይነ ደረቅ ናት አሉ። ይበሉ! እንዲህ ዓይነቱን ድርቅና ለእኔም በሰጠኝ…

የምስክር ቀን ደረሰ።

እትዬ በለጠች ጉዱን ለማየት ከሁሉ ቀድመው ችሎት ገቡ። ዘርፈሽ ግን አልገባችም… ውጭ ዛፍ ሥር ቆማ ቀረች።

እትዬ በለጠች አጠገባቸው ወዳለችው ሴት ጠጋ ብለው፣ አፍራ ነው አሏት።

ወዲያው ስም ተጠራ።

«የዐቃቤ ሕግ አንደኛ ምስክር… ዘርፈሽ አየነው።»

የችሎቱ ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ።

ለካ ውጭ የቀረችው አፍራ አልነበረም። ምስክር ቃሉን ሳይሰጥ ችሎት ውስጥ መቀመጥ አይፈቀድለትም…

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

ምላ ስታበቃ ቀና ብላ ተናገረች። ሞባይሎቹን ቤታቸው አልጋ ሥር ተደብቀው ያገኘቻቸው ራሷ ናት። ያኔ በስርቆቱ የታሰረው ሌላ ሰው ነበር… የመጋዘኑ ዘበኛ አቶ ኑሪ፣ የአራት ልጆች አባት።

ይትባረክን ሄደህ እውነቱን ተናገር ብላ ሦስት ቀን ለመነችው። እምቢ አለ። በአራተኛው ቀን ካርቶኖቹን ባጃጅ ላይ ጭና ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

አቶ ኑሪ ተፈቱ። ይትባረክ ታሰረ። ስሟን የክሱ ወረቀት ላይ ካየ ጀምሮ ነው ምሳዋን የሚመልሰው።

የይትባረክ ጠበቃ ተነስቶ፣ ወንድምዎን አሳልፈው ከሰጡ በኋላ ስንቅ የሚያመላልሱት ጸጽቶዎት ነው ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አልጸጸተኝም» አለች። «በወንድሜ ጥፋት ሌላ ሰው ሲታሰር ዝም አልልም። ወንድሜንም አልጥልም። ማንም ከሁለቱ አንዱን ምረጪ አይበለኝ።»

ይትባረክ እጁን አወጣ…

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እህቴ ያለችው ሁሉ እውነት ነው። ሰርቄያለሁ።»

ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አያት። አለቀሰ። እሷም አለቀሰች… አንገቷን ግን አልደፋችም።

በቀጣዩ ቀጠሮ ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

ከችሎት ሲወጡ እትዬ በለጠች ተከትለዋት መጡ። ድምፃቸው ለስልሷል። አንቺ እኮ ንጹሕ መሆንሽ ታወቀ፣ ከእንግዲህ ለመንግሥት ትተሽው ዕረፊ አሏት።

ዘርፈሽ ቆም ብላ አየቻቸው።

«እትዬ በለጠች፣ እስከ ዛሬ የተከሰሰ ወንድም ነበረኝ። አሁን የተፈረደበት ወንድም አለኝ። ዳኛው ወንድምሽ አይደለም ብለው አልፈረዱም።»

ባጃጅ አስቁማ ወደ ማረሚያ ቤቱ ሄደች።

ወዳጆቼ… የራሳችሁን ሰው ጥፋት ሸፍናችሁ የሌላውን ልጆች አባት አታሳጡ። አጠፋ ብላችሁም የታሰረበትን በር አትርሱ። እውነት መናገርና ፍቅር እኮ ተጣልተው አያውቁም፤ የሚያጣላቸው የእኛ ፍርሃት ነው።

እስኪ ሳታስመስሉ መልሱልኝ…

ካርቶኖቹ እናንተ አልጋ ሥር ቢገኙ ትናገሩ ነበር? ከተናገራችሁስ በኋላ፣ የማይበላ ምሳ ይዛችሁ በየቀኑ ለመሄድ ወኔው አላችሁ?