ነጯ መኪና ዛሬ አትወጣም

«አጥፊው» አለኝ ዋርሳዬ፣ ስክሪኑ ላይ የበራውን ቀይ ምልክት በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ።

«መብራቱን ነው ወይስ ችግሩን?»

«ምላስሽን ሰብስቢ። እንግዶቹ በር ላይ ናቸው።»

ነጯ መኪና ጣቢያዬ መሐል ቆማለች። የፋብሪካው የመጨረሻ ጣቢያ ነው፤ ባትሪው ከወለሉ ሥር ታስሮ፣ ሞተሩ ገብቶ፣ ወንበርና በሩ ተገጥሞ የመጣ መኪና እኔ ሳልለካው ወደ ግቢ አይወጣም። እሷን ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ለክቻታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ መለኪያው ቃሉን አላጠፈም፦ የባትሪው ኤሌክትሪክ ወደ መኪናዋ ብረት እየሾለከ ነው።

በየት እንደሚሾልክ መገመት አያቅተኝም። ዋርሳዬ የመስመሩ አለቃ ነው፤ እሱ በሌለበት ሠራተኛው «ደቂቃ» ይለዋል። ባለፈው ወር ለባትሪ ገጣሚዎቹ የተፈቀደውን ስድስት ደቂቃ ወደ አራት አወረደው። ስድስት ደቂቃ ሲኖራቸው ብርቱካናማውን ወፍራም ገመድ በእጃቸው አቃንተው ነበር ባትሪውን የሚያስሩት። በአራት ደቂቃ ማን ያቃናል? ገመዱ ሁለት ብረት መሐል ይገባና ሽፋኑ ይላጣል።

«ጋሼ፣ ይቺ ዛሬ አትወጣም» አልኩት። «ባትሪዋ ይውረድና ገመዱ ይታይ።»

«ከጉብኝቱ በኋላ ይወርዳል።»

«ሰው የሚቀመጥባት እኮ በጉብኝቱ ነው።»

«ስሚ። የአንዷ ባትሪ ከወረደ የወሩን ሁሉ አውርድ ይሉኛል። ግቢው ውስጥ ስንት እንደቆመ አይተሻል?»

«አይቻለሁ። ይውረድ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። «ወንድሜ ሲያገባሽ እናቴ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ? ‹ይቺ ልጅ አንገቷ አይታጠፍም› ነው ያለችው።»

«እውነታቸውን ነው።»

«እኔ ነኝ አፌን ሞልቼ የመሰከርኩልሽ። እኔ ነኝ እዚህ ያስገባሁሽ። አስወጣሻለሁም።»

«መለኪያውንም አብረው ያስወጡታል?»

ፊቱ ጠቆረ። ስልኩን አውጥቶ ለፕሮግራም ሠሪዎቹ ደወለ። እነሱ ፎቅ ላይ ቁጭ ብለው መኪና ሳይነኩ መኪና ያዛሉ። ሁለት ቃል ተናገረ፤ ወዲያው ቀዩ ምልክት ጠፋ። በቦታው ባትሪዋ ሙሉ እንደሆነና አራት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ የሚናገር ጽሑፍ ወጣ። ከድምፅ ማጉያውም ለስላሳ የሴት ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ። የወንበርዎን ሙቀት ላስተካክልልዎ?» አለ።

«አየሽ?» አለ ደቂቃ። «ካንቺ መኪናዋ ሥርዓት ታውቃለች።»

የጎማ ጓንቴን አጠለቅኩ፤ የፊቱን ክዳን ከፍቼ ስክሪኑን የምታበራውን ትንሿን ባትሪ ፈታሁ። ስክሪኑም ሴትዮዋም ጭጭ አሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ወንበር ዞሬ ከሥሩ ያለውን የኃይል ማቋረጫ ሶኬት መዘዝኩና ኪሴ ከተትኩት። ያለ እሱ መኪናዋ ሁለት ቶን ብረት ናት።

«አምጪው» አለና እጁን ዘረጋ። እጁ እንደተዘረጋ ቆየ። ገጣሚዎቹ ከወዲያ መፍቻቸውን አስቀምጠው ያዩናል።

በዚህ መሐል ባሌ መጣ። የፋብሪካው ሞካሪ ሾፌር ነው፤ ዛሬ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። መኪናዋ መሪዋን ማንም ሳይነካው እንዴት ጥግ እንደምትይዝ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ባትሪዋ እንዴት መልሶ እንደሚሞላ ለእንግዶቹ የሚያሳየው እሱ ነው። ማንንም ሳያይ ገብቶ ተቀመጠና ማስነሻውን ተጫነ። ምንም የለም። ደግሞ ተጫነ።

«ሚስትህ ሶኬቱን ነቅላ ይዛዋለች» አለው ወንድሙ።

ባሌ በተከፈተው በር በኩል አየኝ። «ስጪው በቃ። ቤት እንነጋገራለን።»

«ኤሌክትሪክ ታፈሳለች» አልኩት። «ገመዷ አንድ ቦታ ተልጧል። ሁለተኛ ቦታ ከተላጠ እሳት ነው።»

«እስከ በሩ ደርሶ መልስ ነው። ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

ይቺ ከወንድሙ ዘለፋ ሁሉ በለጠችብኝ። ወደ ዋርሳዬ ዞርኩ።

«አንተስ ከጎኑ ትቀመጣለህ?»

አምስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስለው የኖርኩትን ሰው «አንተ» አልኩት። ከገጣሚዎቹ አንዱ ሳል ጀምሮ ተወው።

«ምን አልሽ?»

«ከወንድምህ ጎን ትቀመጣለህ ወይ? ወንበሩ ባዶ ነው።»

«እኔ እንግዳ ተቀባይ ነኝ» አለ። «መቆም ያለብኝ እዚህ ነው።»

ቶሎ ነው የመለሰው፣ ሳያስብ። ባሌ ከመሪው ቀና ብሎ አየው። ደቂቃ ዓይኑን ሰብሮ ሰዓቱን አየ።

ባሌ ወረደ። እኔ አጠገብ አልመጣም፤ ይቅርታም አላለኝም። በሩን ዘጋና እዚያው ቆመ።

«ሌላ ሾፌር ፈልግ» አለ።

ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸም። ለሁለታችንም ጀርባውን ሰጥቶ ለሌላ ሾፌር ደወለ። ድምፁ እዚያ ጣቢያ ሰምቼው በማላውቀው ልስላሴ ወጣ።

«ወንድሜ፣ የት ነህ?» አለ። «እስቲ ቶሎ ድረስልኝ።»

ባሌ ቀና አለ፤ የተጠራው እሱ መስሎት።