የሟች አሻራ

ባል የሞተባቸው ሴቶች መሬቱን በስማቸው የሚያስመዘግቡበትን ቅጽ ጎንደር የመሬት ቢሮ ተቀምጦ ያዘጋጀው ላቀው ነበር። ከባልና ሚስት ቅጽ ላይ ሲገለብጥ «ባል» የሚለውን ሁሉ «ሟች» እያለ ስለሄደ፣ መጨረሻ ላይ «የሟች አሻራ» የሚል ሳጥን ቀረ። ስሕተቱን ያየው አምስት መቶው ቅጂ ተባዝቶ ካለቀ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የመጡት ከአምባ ጊዮርጊስ እማማ ይርገዱ ነበሩ። ባላቸው አያ መለሰ ከተቀበሩ ዓመት አልፏል።

«ይኸንን ማን ይሞላዋል፣ ልጄ?» አሉት ሳጥኑን እያሳዩ።

ጓድ ኃላፊው ከጎኑ ተቀምጦ ነበርና ተሳስቻለሁ ማለት አቃተው።

«ሁሉም ሳይሞላ አንቀበልም» ብሎ መለሳቸው። ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ ማስኬዱ ሳምንቱን ሙሉ ሲያሳፍረው ሰነበተ።

ተመልሰው ሲመጡ ከወንበሩ ተነሣላቸው።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ያ ቦታ ባዶውን ይሁን።»

«ምነው? ሞላው እኮ» ብለው ቅጹን ዘረጉለት።

በሳጥኑ ላይ ትልቅ የአውራ ጣት አሻራ አርፏል፤ የማጭድ ጠባሳ መሐሉን አቋርጦታል። ላቀው የሟቹን የድሮ መዝገብ አውጥቶ አስተያየ። ጠባሳው ያው ነው። ቅጹን ሲያነሣ ቀለሙ እጁን ነካው፤ ገና አልደረቀም።

«ሳጥኑ ጣት አያስገባም» አሉ እማማ ይርገዱ፣ «ሰፋ ያድርግልን ብሎሃል።»