በቅቤ የተሠራው ሽሮ

ትርሲት የቁማር ቤቶች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ናት። በእሷ ዘመን ቁማርተኛ ገንዘብ ሲያጣ የመቅመስና የማሽተት ስሜቱን አስይዞ እንዲጫወት ተፈቀደ። የተሸነፈ ሰው ከዚያ በኋላ ማርና እሬት አይለይም።

ዛሬ ምሳ ስታቀርብ ሁለቱ ድስቶች ተምታቱባት። ለሕፃን ልጃቸው በቅቤ የሠራችውን ሽሮ ለባሏ ለደረበ አወጣችለት። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ደረበ ደግሞ ቅቤ የነካው ማማሰያ ወደ ጾም ድስት እንዲጠጋ እንኳ የማይፈቅድ ጿሚ ነው። ስህተቷ የገባት ሽሮውን ካጋመሰው በኋላ ነበር።

«ሽሮው እንዴት ነው?» አለችው።

«እጅሽ ይባረክ፤ ይጣፍጣል።»

እጁን ያዘችው። የጠቀለለው እንጀራ አፉ ሳይደርስ ቀረ።

«ደረበ፣ ቅቤ እኮ ነው የበላኸው!»

ፊቱ አመድ መሰለ። እንጀራውን ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠና አፉን በእጁ ሸፈነ።

«ምነው ደረበ? አንተ ደግሞ ምን አስገባህ እዚያ ቁማር ቤት?»

«በሩ ላይ ስደርስ ፈርቼ ልመለስ ነበር» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያት። «ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ሳይ ግን ፊርማሽን አወቅሁት። አንቺ የፈረምሽለት ቤት አይጎዳኝም ብዬ ገባሁ።»